ከጓደኛ በላይ፣ ከፍቅረኛ በታች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱ በተለያየ አፍ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ሆነው አገኘናቸው፤ ስም ባልወጣለት የፍቅር ግንኙነት ውስጥ ስለሚገጥም ግራ መጋባት። አሳጥረን፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚጠቁመውንም አውጥተን ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። ከአንድ ሰው ጋር መገናኘት ከጀመርን አራት ወር አለፈን። ስንጀምር «ሲሪየስ አናድርገው» ተባብለን ነበር፤ እኔም ያኔ ከልቤ ነው ያልኩት። አሁን አንድ ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ ሲጽፍልኝ ይከርምና ከዚያ አምስት ስድስት ቀን ድምፁ ይጠፋል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ «የት ጠፋሽ?» ይለኛል። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን በየአስር ደቂቃው አያለሁ፤ ኦንላይን የገባበትን ሰዓት ሳይቀር እከታተላለሁ። ወድጄው ነው ወይስ ሱስ ሆኖብኝ? እሱስ ይወደኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ የጠየቅሽው ሁለት ጥያቄ ነው። የእሱን ልብ ለጊዜው እንተወው፤ እሱን ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም፣ አራት ወር ሙሉ የደከምሽውም ይህንኑ ከስልክ ላይ ለማንበብ ስትሞክሪ ነው። ያንቺ ስሜት ግን ሊመረመር ይችላል።

መጀመሪያ ሐሳብሽን ይህን ያህል የያዘውን ነገር እንይ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቢ ኤፍ ስኪነርና ቻርልስ ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራ፣ ርግቦች ቁልፍ በመንቁራቸው ሲነኩ እህል የሚያገኙበትን ሥርዓት እየቀያየሩ ምን እንደሚሆን አሳይተዋል። በነካች ቁጥር እህል የለመደች ርግብ፣ እህሉ ሲቋረጥባት ቶሎ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። እህሉ አንዴ በሦስተኛው፣ አንዴ በሃያኛው ንክኪ፣ ሳይታሰብ ይመጣላት የነበረችው ግን እህሉ ጨርሶ ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ትነካካለች። የቁማር ማሽን ሰውን አስቀምጦ የሚያመሸው በዚሁ መንገድ ነው። «ያዝ ለቀቅ» የሚያደርግ ሰው መልእክትም እንደዚያው ይሠራል። ሰውዬው ሆን ብሎ ያደርገዋል ማለታችን አይደለም። ሥራ ሲበዛበት የሚጠፋ አለ፤ ሌላ ሰው ሲያገኝ የሚጠፋ አለ፤ መቀራረቡ ሲያስፈራው የሚጠፋም አለ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን አንቺ ላይ የሚያደርሰው ያው ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ 47 ሴት ተማሪዎች ተሳትፈው ነበር። ወንዶች የፌስቡክ ገጻቸውን አይተው ነጥብ እንደሰጧቸው ተነገራቸው። ለአንዱ ቡድን «እነዚህ በጣም የወደዱሽ ናቸው»፣ ለሁለተኛው «በመጠኑ የወደዱሽ ናቸው» ተባለ። ለሦስተኛው «ከሁለቱ አንዱ ነው፣ የቱ እንደሆነ አናውቅም» አሏቸው። በወንዶቹ ይበልጥ የተሳቡት፣ ስለ እነሱም ደጋግመው ሲያስቡ የዋሉት ሦስተኛዎቹ ናቸው። እንግዲህ «ይህን ያህል የማስበው ብወደው ነው» የሚለው ሚዛን አያስተማምንም፤ የሚያሳስብሽ እርግጠኛ አለመሆንሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የመለያው መንገድ ለ14 ቀን መመዝገብ ነው። ትንሽ ደብተር ያዢ፤ ስልክ ላይ አይሁን፣ ልትጽፊ ከፍተሽ የእሱን ገጽ ታያለሽና። በተገናኛችሁ ወይም በተጻጻፋችሁ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን፣ የጀመረው ማን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ስሜትሽን ከ0 እስከ 10 በአራት ጊዜ ጻፊ፦ ከመገናኘታችሁ በፊት፣ በዚያው ቅጽበት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት። በጎኑ ሁለት ቦታ ክፈይ፤ አንዱ «ያደረገው»፣ ሌላው «እኔ የተረጎምኩት»። አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20። ጀማሪ፦ እሱ። ስሜት፦ 3፣ 9፣ 6፣ 2። ያደረገው፦ ከአምስት ቀን በኋላ «አለሽ?» ብሎ ጻፈ፣ 15 ደቂቃ አውርቶ ጠፋ። እኔ የተረጎምኩት፦ ናፍቄዋለሁ።

«ናፍቄዋለሁ» የሚለው ቃል ከእሱ አፍ አልወጣም። ይህን በሁለተኛው ቦታ ማስቀመጥ ሲለመድ የጉዳዩ ግማሽ ይጠራል። ምዝገባውን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ፤ ሳይጽፉ አሳድሮ በማግስቱ በትውስታ መሙላት (ትውስታ የሚይዘው 9ኙን ነው፣ 2ቱን ይረሳል)፣ የማግስቱን ቁጥር አዲስ መልእክት ከገባ በኋላ መጻፍ፣ ደብተሩን በየቀኑ ለጓደኛ እያነበቡ ትርጉም መሰብሰብ። ጓደኛ ካስፈለገ በ14ኛው ቀን ይሁን።

ከዚያ ቁጥሮቹን ተመልከቺ። ከላይ እንደተጻፈው 3፣ 9፣ 6፣ 2 እየሆነ ከተደጋገመ፣ ያ 9 ደስታ ሳይሆን እፎይታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ራሱ የፈጠረውን ጭንቀት ራሱ ለአንድ ምሽት ያነሳልሻል። 5፣ 8፣ 8፣ 7 ዓይነት ከሆነ፣ አብራችሁ ከዋላችሁ በኋላ እርጋታው ወደ ማግስቱ ከተሻገረ፣ የሚናፍቅሽም የተለየ ነገሩ ከሆነ (አነጋገሩ፣ አሳሳቁ፣ የሚከራከርሽ ነገር)፣ ወድደሽዋል ማለት ይቻላል። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚገኙበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ እፎይታው ቀድሞ ይቀነስ፣ የቀረው ይታያል።

እፎይታው የሚቀነሰው በስልኩ ነው። የእሱን መልእክት ድምፅ አጥፊ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት» የሚለውንም አጥፊው፤ በብዙ መተግበሪያዎች የራስሽን ስትደብቂ የሌላውንም ማየት ትከለከያለሽና አንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ ይሠራልሻል። ስልኩን የምታዪበት ሁለት ሰዓት ቁረጪ፣ ለምሳሌ የምሳ ሰዓትና ከምሽቱ 2፡00። «ከዛሬ ጀምሮ አላይም» ብሎ መማል አይሠራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ያሳየው፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ ከነቦታው የታሰረ ውሳኔ ከደረቅ ምኞት የተሻለ እንደሚፈጸም ነው። «ስልኩን ላነሳ እጄ ሲዘረጋ ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ» በቂ ነው።

መጨረሻ ላይ ስለዚያ «ሲሪየስ አናድርገው» ስለሚለው ስምምነት። ያ ቃል የተሰጠው ከአራት ወር በፊት፣ በደንብ ሳትተዋወቁ ነው። ስሜትሽ መቀየሩ ቃል ማፍረስ አይደለም። ሳትናገሪ እሱ በአሮጌው ስምምነት፣ አንቺ በአዲሱ ስሜት መኖር ነው የሚያጋጨው። እንዴት እንደሚነገር ቀጥሎ ያለውን አንብቢ።

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ወንድ ነኝ። ሰባት ወር ሆኖናል። አብረን እናድራለን፣ ቅዳሜና እሑድን አብረን እናሳልፋለን፤ ስም ግን የለውም። ወድጃታለሁ። ብናገር ያለውንም ላጣው ነው ብዬ እፈራለሁ። ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፍርሃትህ ከንቱ ነው አንልህም። ተናግረህ ልታጣት ትችላለህ። ግን ዝም ብትልም ክፍያ አለው፤ ነገ «ሌላ ሰው ጀምሬያለሁ» ብትልህ ልትቃወም የምትችልበት አንድ ቃል በእጅህ የለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለዚህ ዓይነቱም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኮት ስታንሊና ባልደረቦቹ ጥንዶች አንድ ላይ መኖር ስለሚጀምሩበት መንገድ ሲጽፉ «መንሸራተት» እና «መወሰን» ብለው ለይተውታል። ተንሸራትተው የገቡ ሰዎች ልብስ፣ ዕቃ፣ ልማድ ከተጠላለፈ በኋላ መውጣቱ ይከብዳቸዋል፤ መምረጣቸውን ግን አንድም ቀን አልተናገሩም። ሰባት ወር የመንሸራተት ዕድሜ ነው።

ሰዓቱን ምረጥ። አልጋ ላይ አይሁን። በዚያ ሰዓት የሚነገር «እኔም እወድሃለሁ» ውሸት ባይሆንም ለማግስቱ ዋስትና አይሆንም፤ ተመራማሪው ጆርጅ ሎዌንስታይን እንዳስረዳው ስሜቱ የጋለ ሰው ሲበርድለት የሚፈልገውን በትክክል መገመት አይችልም፣ የበረደለትም ሲግል የሚሆነውን አያውቅም። መጠጥ የተጠጣበት ምሽት፣ የተጣላችሁበት ቀን፣ እሷ ለሥራ የምትጣደፍበት ጠዋትም አይሆኑም። በጽሑፍማ ጨርሶ አይሁን፤ ሁለት ሰማያዊ ምልክት አይቶ መልስ መጠበቅ ለማንም አይመከርም። የሚሻለው ጎን ለጎን በእግር እየሄዱ ማውራት ነው፤ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ ስለሌለ ዝምታውም አይከብድም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በዚያው ቀን አስቀድመህ «ዛሬ ስለ እኔና አንቺ የምነግርሽ ነገር አለ፣ መጥፎ አይደለም» በላት። «ልናወራ ይገባናል» ብለህ ሁለት ቀን አታንጠልጥላት፤ ስትደርስ ለክርክር ተዘጋጅታ ትጠብቅሃለች።

ንግግሩ አራት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ስንጀምር ቀለል ይበል ብለን ነበር፣ እኔም ተስማምቻለሁ። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ግን ስሜቴ ተቀይሯል፤ ወድጄሻለሁ። የምፈልገው እኔና አንቺ ብቻ ሆነን፣ ሌላ ሰው ሳንጨምር እንድንቀጥል ነው። አንቺስ ይህን ትፈልጊያለሽ?»

ከዚያ ዝም በል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እሷ አሥር ሰከንድ ያህል ዝም ስትል የሰዓት ያህል ይረዝምባቸውና «ግን ካልፈለግሽም ችግር የለም፣ እንዳለ ይቀጥል» ይላሉ። የጠየቁትን በገዛ አፋቸው ሰረዙት ማለት ነው። እሷም «እሺ» ትላለች፤ እሺ ያለችው ለየትኛው እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም።

«እኛ ግን ምን ነን?» ብለህም አትጀምር። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ መልሱም ይሰፋል፤ «ጥሩ ጓደኛሞች ነን»፣ «እየተዋወቅን ነን»። በቀልድ መጣልም አይረባም፤ በቀልድ የተጠየቀ በቀልድ ይመለሳል፣ አንተም የቀልዱን ትርጉም ስትፈታ ሳምንት ታሳልፋለህ። በጓደኛዋ በኩል ማስጠየቅ ደግሞ መልሱን ብቻ ሳይሆን አንተንም ያሳንስብሃል።

ከምትሰጥህ መልሶች «አዎ» እና «አልፈልግም» ግልጽ ናቸው። የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። «ለምን እናበላሸዋለን?» ማለት በትሕትና የተነገረ «አልፈልግም» ነው፤ ለእሷ አሁን ያለው ይበቃታል፣ ለአንተ አልበቃህም። «አላውቅም፣ ጊዜ ስጠኝ» ካለች እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ አንተ ሁለት ወር ያሰላሰልከውን እሷ ገና አሁን መስማቷ ነው። ጊዜውን ስጣት፤ ቀን ግን ይኑረው። «እሺ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንነጋገር» በል። በዚያ መሃል ጥያቄውን አትድገም፣ ስጦታም አታብዛ፣ አትጥፋባትም። የምትከታተለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ራሷ ቀጠሮ ትይዛለች ወይ፣ የያዘችውን ቀጠሮ ትጠብቃለች ወይ፣ ከሰዎቿ ጋር ታስተዋውቅሃለች ወይ። ጣፋጭ ቃል በዚህ ቆጠራ አይገባም። ቀኑ ደርሶ መልሱ ያው «አላውቅም» ከሆነ፣ ሁለተኛ ሦስት ሳምንት አትጨምር። ብዙ ሰው የሚጨምረው በሦስት ሳምንቱ ውስጥ አንድ በጣም ደስ የሚል ምሽት ስለሚገኝ ነው፤ ርግቧን አስታውስ።

ጥያቄ፦ የማገኘው ሰው ከሌላ ሴት ጋር እንደሚተኛ ሰማሁ። «እኔና አንቺ ብቻ» ተባብለን አናውቅም። የመቅናት መብት አለኝ?

መልስ፦ መቅናት መብት አይጠይቅም፣ ይመጣል። መብት የሚጠይቀው ወቀሳ ነው፤ ያልተስማማችሁበትን አፈረሰ ብለሽ መውቀስ አትችይም። «ይህን ስሰማ ከብዶኛል፣ እንዲህ ሆኖ መቀጠል አልችልም» ማለት ግን ትችያለሽ፤ ይህ ስለ ራስሽ ነውና ክርክር አያስነሳም። የሰማሽውን ከማን እንደሰማሽ እያጣራሽ ጊዜ አታጥፊ፤ ቀጥታ «ከእኔ ሌላ የምትተኛው ሰው አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ስሜትሽ እስኪረጋጋ መጠበቅ የለበትም። ኮንዶም ሁልጊዜ፣ «እንዋደዳለን» በሚባልበት ሳምንትም። ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጋችሁ ለኤች አይ ቪ ተጋልጫለሁ ብለሽ ከሠጋሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሂጂ፤ ከተጋላጭነት በኋላ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሰጥም፣ ከተጀመረም ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እንዲሁ በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ወዲያው ተመርምሮ «ነጻ ነኝ» ማለት አይቻልም፤ ፀረ እንግዳ አካልን (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን) የሚያይ የኤች አይ ቪ ምርመራ ከተጋላጭነት በኋላ እስከ 90 ቀን ድረስ ላያሳይ ስለሚችል መድገም ያስፈልጋል። «ታምነኝ የለም ወይ?» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ፣ ምርመራ ለሁለታችሁ ነው፣ አብራችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ግንኙነቱ እንደማይጠቅመኝ ገብቶኝ አቋረጥኩት። አሥር ቀን ቆይቼ እኔው ደወልኩ። ይህ ሦስተኛዬ ነው። በራሴ አፍራለሁ። እንዴት ነው ፍቅረኛዬ እንኳን ያልነበረ ሰው እንደዚህ የሚከብደኝ?

መልስ፦ የሚከብድሽ ምናልባት ፍቅረኛሽ ስላልነበረ ነው። ፍቅረኛውን ያጣ ሰው ያዘነበትን ነገር ስሙን ጠርቶ ያወራል፣ ሰውም ያጽናናዋል። አንቺ ያጣሽው ነገር ስም ስለሌለው «ምን ነበራችሁና?» ይሉሻል። የቀረብሽም ሊሆን ይችል የነበረው ነው፤ እሱ ደግሞ ጉድለት አይወጣለትም።

ሰውነትሽ የሚያደርገው ግን የታወቀ ነገር ነው። ተመራማሪዋ ሔለን ፊሸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በሚወዱት ሰው ተትተው ገና ያልረሱ 15 ሰዎች የዚያን ሰው ፎቶ ሲያዩ አንጎላቸውን ተመልክተዋል። ከሽልማትና ከሱስ ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎች ሲሠሩ ታይቷል። አሥር ቀን አካባቢ መውደቅሽ የአቅም ማነስ አይደለም። የለመደው ነገር የተቋረጠበት ፍላጎት ከመቀነሱ በፊት አንድ ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ከፍታ «ያለ እሱ አልችልም» ብሎ ይተረጉመዋል። ያኔ ስትደውዪ ደግሞ «አሥር ቀን ከታገሥኩ ይመጣል» የሚል ትምህርት ለራስሽ ሰጠሽ፤ ለዚህ ነው ሁለተኛውም ሦስተኛውም እየከበደ የሄደው።

ለአራተኛው እንዲህ ተዘጋጂ። የማቋረጫው መልእክት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ጥያቄም አይኑረው፦ «ይህ ግንኙነት ለእኔ እየሆነኝ አይደለም። ከዛሬ በኋላ መገናኘትም መጻጻፍም አልፈልግም። መልካሙን እመኝልሃለሁ።» ምክንያት አትዘርዝሪ፤ የተዘረዘረ ምክንያት ሁሉ «ይህንንማ አስተካክለዋለሁ» የሚል መልስ ይወልዳል። ስልኩን ብሎክ አድርጊ። ብሎክ ማድረግ ጥላቻ አይደለም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከራስሽ ጋር እንዳትከራከሪ በር መዝጋት ነው። የቆየውን ቻት ለማጥፋት ከከበደሽ ለምታምኚው ሰው ላኪና ከስልክሽ አጥፊው። ለ30 ቀን ወስኚ፤ ቁጥሩ ከሳይንስ የመጣ አይደለም፣ «ለዘላለም» ከሚለው ግን ይቀላል። በሥራ ቦታ የምትገናኙ ከሆነ ሰላምታና ሥራ ብቻ፣ ሌላ ሰው ባለበት።

«አላስብም» አትበይ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ጠይቆ፣ በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች ይበልጥ እንዳሰቡት አሳይቷል። የመከልከልን ያህል ሐሳብን የሚያበዛ ነገር የለም። ይልቅ በቀን 15 ደቂቃ መድቢለት፣ ከእራት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ በቀረው ሰዓት ሲመጣ «11 ሰዓት ተኩል ላይ» ብለሽ አሳልፊው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔነቤከር ያጠናው የጽሕፈት ልምምድም ይረዳል፦ በተከታታይ ለአራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ፣ ስለ ሆሄና ሰዋስው ሳይጨነቁ፣ ለማንም የማይታይ ጽሑፍ መጻፍ። ጽፈሽ በጨረስሽ በመጀመሪያው ሰዓት የባሰ ሊከፋሽ ይችላል፤ ስለዚህ ልትተኚ ስትዪ አትጻፊ። ለእሱ እንደ ደብዳቤ የተጻፈው ደግሞ መላክን ያመጣል፣ ስለ እሱ ጻፊ እንጂ ለእሱ አትጻፊ።

እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተዛቡ፣ ሥራ መሥራት ካቃተሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሂጂ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ንገሪ፣ ጤና ተቋምም ድረሺ። ሰውዬው የሚዝት፣ የሚከታተል ወይም እጁን የሚያነሳ ከሆነም ከላይ የተጻፈውን መልእክት ብቻሽን ሆነሽ አትላኪ፤ ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ይኑሩ።

ጥያቄ፦ እኔ በሌላኛው ወገን ነኝ። የማገኛት ልጅ እየወደደችኝ እንደሆነ ይታየኛል፤ እኔ ግን ከዚህ በላይ አልፈልግም። አልዋሸኋትም፤ ከመጀመሪያውም ነግሬያታለሁ። አሁን ምን ላድርግ? ልጎዳት አልፈልግም።

መልስ፦ ከመጀመሪያው መናገርህ ጥሩ ነው፤ ግን ከአንድ ቀን ቃልህ በኋላ የብዙ ቀን ሥራህ አለ። በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» ብለህ የምትጽፍ፣ ስትታመም መድኃኒት ይዘህ የምትሄድ ከሆነ፣ እሷ የምታምነው የትናንቱን ሥራ ነው። ከመናገርህ በፊት በቀስታ እየራቅህ እንዲገባት ማድረግ የሚያጓጓ መንገድ ነው፤ ደግነትም ይመስላል። ከላይ የጻፉልንን ሴቶች ደብዳቤ እንደገና አንብበው፤ «በቀስታ መራቅ» በሌላው በኩል ሲታይ ያንን ይመስላል።

በአካል ንገራት፣ በአጭሩ፦ «እየቀረብሽኝ እንደመጣሽ አያለሁ። እኔ ከአንቺ ጋር የፍቅር ሕይወት መጀመር አልፈልግም፤ ይህ ደግሞ የሚቀየር አይመስለኝም። ስለዚህ መገናኘቱን ማቆም አለብን።» ብታለቅስ አብረህ አምሽ እንጂ አብረህ አትደር። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ወር «ደህና ነሽ ወይ?» እያልክ አትጻፍ፤ በዚህ የምታጽናናው የራስህን ጸጸት ነው፣ ለእሷ ግን ቆጠራውን ከአንድ ያስጀምርባታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ አንድ ቃል ላይ ነው። ብዙ ወንድ ላለመጉዳት ብሎ «አሁን ዝግጁ አይደለሁም» ይላል። እሷ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የምትሰማው «አሁን» የሚለውን ነው፤ እሱን ይዛም ዓመት ልትጠብቅ ትችላለች።